ሳሎናችንን ሲኒማ ቤት ለማድረግ፦ ደብረ ታቦር ላይ ምን ያዋጣል፣ ምን አያዋጣም?

ዛሬ ስለ ሆም ሲኒማ ነው የምናወራው። ዩቲዩብ ላይ ይህን የሚያስተምሩት ሰዎች አብዛኞቹ መብራት የማይጠፋበት አገር ነው ያሉት፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ አይደለም፣ ቤታቸውም ደጋ ላይ አይደለም። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚለው ራሱ አይሰማም። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የእነሱን ዝርዝር ይዞ ገበያ መውጣት ብር ማቃጠል ነው። እዚህ ያለው ለእኛው ሳሎን ነው፤ ብሎኬትም ይሁን ጭቃ ቤት፣ የራሳችሁም ይሁን የኪራይ።

ቲቪውን ከመቀየር ሶፋውን መጎተት

ሲኒማ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ኢንች ነው?" ብሎ ነው። ዋናው ግን ከቲቪው ምን ያህል ርቃችሁ ትቀመጣላችሁ የሚለው ነው። የተለመደው ምክር ስክሪኑ በስፋቱ ከእይታችን ቢያንስ 30 ዲግሪ ይሸፍን የሚል ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የስክሪኑን ሰያፍ ርዝመት በ1.6 ማባዛት። 32 ኢንች ቲቪ 81 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ 1.3 ሜትር ላይ መቀመጥ አለባችሁ። 43 ኢንች ከሆነ 1.75 ሜትር፣ 55 ኢንች ከሆነ 2.2 ሜትር አካባቢ።

አሁን የራሳችሁን ሳሎን አስቡት። ቲቪው አንዱ ግድግዳ ላይ፣ ሶፋው ሌላኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ መሃሉ ባዶ። ክፍሉ 4 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ከምናምን ርቃችሁ ነው የምታዩት። በዚህ ርቀት የሲኒማ ስሜት እንዲኖር 75 ኢንች ገደማ ያስፈልጋል። ወይም ደግሞ ፊልም በምታዩበት ሰዓት ወንበሩን ወደፊት ሳብ ማድረግ፣ ሳንቲም አያስወጣም። እናቶቻችን "ዓይንህ ይጠፋል" ይሉናል፤ በቅርብ ማየት ዓይን ያደክም ይሆናል እንጂ አያጠፋም። ፊልሙ 43 ኢንች ላይ በ1.75 ሜትር ርቀት ሲታይ ሌላ ፊልም ነው የሚመስለው።

ከፍታውም አለ። ቲቪውን ኮርኒሱ ሥር መስቀል የተለመደ ነው፣ ሆቴል ቤት ላይ ያየነው ነገር ነው። ሆቴል ቤት ያለው ሰው ግን ቆሞም ያያል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለል 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የስክሪኑ መሃል ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገት ማቅናት ነው። የቲቪ ማስቀመጫው ላይ ቢቀመጥ ይበቃል።

ፕሮጀክተር፦ ብር የሚበላው እዚህ ጋ ነው

በዚህ ክፍል ትንሽ እንቆያለን፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣት እየተሸወደ ያለው እዚህ ነው። በቴሌግራም የሚሸጡት ትናንሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶናቸው ላይ "8,000 ሉመን"፣ "9,500 ሉመን" የሚል ቁጥር ይጻፍባቸዋል። ቁጥሩን እርሱት። የሚታመነው መለኪያ "አንሲ ሉመን" የሚባለው ነው፣ እነዚህ ትናንሾቹ ደግሞ ሲለኩ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 አካባቢ ናቸው።

ይሄ ማለት ምን ማለት ነው? እውነተኛ ሲኒማ ቤት ውስጥ ስክሪኑ ሊኖረው የሚገባው ብርሃን በባለሙያዎቹ መለኪያ 48 ኒት ነው። 150 አንሲ ሉመን ያለው ፕሮጀክተር በድፍን ጨለማ 60 ኢንች አድርጎ ነጭ ግድግዳ ላይ ቢለቀቅ ልክ ይህን ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 60 ኢንች ላይ ጥሩ ነው። ያንኑ ዕቃ "መቶ ኢንች ላርገው" ካላችሁ ብርሃኑ ወደ 17 ኒት ይወርዳል፣ የሲኒማውን ሲሶ ብቻ። ቀን መጋረጃ ሳይዘጋ ከሆነ ደግሞ ጥላ ነው የምታዩት። ሻጩ ማታ ያነሳውን ፎቶ አይታችሁ አትግዙ።

ሁለተኛው ሽወዳ "1080 ሰፖርት ያደርጋል" የሚለው ነው። ይሄ ማለት ፋይሉን ይቀበላል ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ "ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ ስንት ነው?" ብላችሁ ነው። መልሱ 854 በ480 ከሆነ ጽሑፍ ያለው ፊልም ላይ ሰብታይትሉ ይደበዝዛል። 1280 በ720 ለ60 እና ለ70 ኢንች አይከፋም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። ፕሮጀክተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ማራገቢያው አየር ይስባል፣ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ደብረ ታቦር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አካባቢው ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ድንችና ባቄላ ሳይበስል የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ውሃው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። አየሩ ስስ ሲሆን ማራገቢያው ቢሽከረከርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። "ብርድ ስለሆነ ዕቃ አይግልም" የሚለው ሰው ግማሹን ነው የተናገረው። ብርዱ ይረዳል፣ ከፍታው ግን ይጎዳል።

ለዚህ ነው ደህና ደህና ፕሮጀክተሮች ማስተካከያቸው ውስጥ "ሃይ አልቲቲውድ" ወይም "ፋን ሞድ" የሚል ነገር ያላቸው። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ አብሩት ይላሉ። በዚህ መለኪያ ወረታ ያለ ሰውም ማብራት አለበት፣ ነፋስ መውጫ ያለ ሰው እማ ጥያቄም የለው። ማራገቢያው ትንሽ ይጮሃል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ፕሮጀክተር ከገዛችሁ መጀመሪያ ፈልጋችሁ አብሩት። ርካሾቹ ላይ ይህ ምርጫ ብዙውን ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ቡፌ ውስጥ አትክተቱት፣ ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ይሁን፣ ማጣሪያውን ከአቧራ አጽዱት።

ሌላም ነገር አለ። የድሮዎቹ አምፖል ያላቸው ፕሮጀክተሮች (ትምህርት ቤትና ቢሮ ያሉት ዓይነት) መብራት ድንገት ሲጠፋ አምፖሉ እንደጋለ ማራገቢያው ይቆማል። ይሄ በየሳምንቱ ሲደጋገም አምፖሉ ይሞታል፣ መቀየሪያውን ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የኤልኢዲ ብርሃን ያለው ይሻላል። በነገራችን ላይ ያገለገለ "ፕላዝማ" ቲቪ በርካሽ ካያችሁ እለፉት፤ መመረት ካቆመ ቆይቷል፣ ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ንብ የሚዘምር ፕላዝማ ብዙ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ጋዝና የውጭው አየር ግፊት ስለማይመጣጠን።

ሸራ መግዛት ግዴታ አይደለም። ለስላሳ ሆኖ የተለሰነና የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይበቃል። የዘይት ቀለም አይሆንም፣ መሃሉ ላይ ያብለጨልጫል። አቡጀዴ ከሰቀላችሁ ብርሃን ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ አድርጉበት። ቀጥ ብሎ እንዲወጠር ታች ላይ የብረት ዘንግ ወይም እንጨት ስፉበት።

ጨለማው፣ ከሰሉ እና ነፍሳችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን "የሰይጣን ቤት" ብሎት ነበር። እኛ ሳሎን ውስጥ ግን ከሰይጣን በላይ የሚያስፈራ ነገር አለ፣ እሱም ከሰል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ እንዲደምቅ መስኮቱ ይዘጋል፣ ወፍራም መጋረጃ ይወርዳል፣ በሩ ሥር ብርሃንም ብርድም እንዳይገባ ጨርቅ ይወተፋል። ከዚያ ቡና ይፈላል። ቡናው ካለቀ በኋላ "ቤቱን ያሙቅልን" ተብሎ ማንደጃው እዚያው ይቀመጣል። ይሄ ሰው የሚገድል ነገር ነው፣ በየዓመቱም ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። እኛ ደግሞ በከፍታው ምክንያት ሲጀመርም የምናገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው።

"ጭሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ አይጎዳም" የሚባለው ውሸት ነው። ፍሙም ጋዙን ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ከመጣ ፊልሙ አሰልችቷችሁ ላይሆን ይችላል። ወዲያው በሩን ክፈቱ፣ ሁላችሁም ውጡ፣ የደከመውን ሰው ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቡናው በር ተከፍቶ ቀድሞ ይጠጣ፣ ማንደጃው ወደ ደጅ ይውጣ፣ ከዚያ መጋረጃው ይዘጋ። ለብርዱ ጋቢ አለ።

ድምፅ

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ብሩ መጀመሪያ መግባት ያለበት ድምፅ ላይ ነው። የዛሬ ቲቪዎች ቀጭን ስለሆኑ ድምፅ ማጉያቸው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ወደታች ነው የሚያየው። ሰው የሚናገረው አይሰማም፣ ድምፅ ስትጨምሩ ደግሞ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። የአማርኛ ፊልሞች ላይ ይሄ ይብሳል፣ ማጀቢያው ንግግሩን የሚውጥባቸው ብዙ ናቸው።

አምስት ስፒከር ያለው ርካሽ "ሆም ቴአትር" ከመግዛት ሁለት ደህና ስፒከር ይሻላል። አቀማመጡ፦ ሁለቱ ስፒከሮችና እናንተ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ትሠራላችሁ፣ ቁመታቸው በጆሮ ልክ፣ ፊታቸው ወደ እናንተ ዞሮ። ሁለቱንም ቲቪው ሥር አጠጋግቶ መደርደር ወይም አንዱን ቁም ሳጥን ላይ መስቀል ገንዘባችሁን ማባከን ነው። 5.1 ካላችሁ የመሃሉ ስፒከር ከቲቪው ሥር ይሁን፣ ንግግር የሚመጣው በሱ ነው። ሁለቱ የኋላዎቹ ከጎናችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ። ውፈሩ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ቤዙ ይጨምራል፣ ግን ኮርኒሱንና ቆርቆሮውን ማንቀጥቀጥ ከጀመረ ከጥጉ አርቁት። የኪራይ ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ቤዝ ግድግዳ እንደሚያልፍ አትርሱ፤ አከራያችሁ ማክሰኞ ማታ የድርጊት ፊልም መስማት ላይፈልጉ ይችላሉ።

ክፍሉ ያስተጋባ እንደሆነ ለማወቅ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። "ጭርር" የሚል ድምፅ ከተከተለ ያስተጋባል። ሴራሚክ ወለልና በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት እንዲህ ያደርጋሉ። ምንጣፍ አንጥፉ፣ መጋረጃውን ወፍራም አድርጉ፣ ከጀርባችሁ ግድግዳ ላይ ባና ወይም ጋቢ ስቀሉ። ውድ የድምፅ መምጠጫ ስፖንጅ ከሚሸጥላችሁ ሰው ይልቅ የአያታችሁ ባና ይሠራል፣ ውፍረት ነው ዋናው።

የቆርቆሮ ዝናብ ግን በድምፅ መጨመር አይሸነፍም። ኮርኒስ ከሌለ ኮርኒስ ማሠራት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እስከዚያው የክረምት ማታ ሰብታይትል ያለው ፊልም ምረጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስፒከሩን በብሉቱዝ ስታገናኙ ድምፁ ከከንፈር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሙዚቃ ላይ አይታወቅም፣ ፊልም ላይ ያበሳጫል። ገመድ ተጠቀሙ፤ ቲቪው "ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ" የሚል ቀዳዳ ካለው በሱ፣ ከሌለው በኦፕቲካል ወይም በተራው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመለስ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ለጥቂት ጊዜ ሊዘል ወይም ሊወርድ ይችላል። መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ይህን የሚሠራላችሁ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ገበያ ላይ አለ፤ ከቲቪው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ቮልት ቀኑን ሙሉ የሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ቲቪውን፣ ሆም ቴአትሩን፣ ምጣዱን በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ ማንጠልጠል ደግሞ እሳት መጥራት ነው። ዲቫይደሩን በእጃችሁ ንኩት፣ ከሞቀ ለዩት።

መብረቅ ሲመጣ ስታቢላይዘሩም አያድንም። ጉና ላይ ማጉረምረም ሲጀምር የመብራቱን ሶኬት ብቻ ሳይሆን የዲሹን ገመድም ከሪሲቨሩ ንቀሉ። ሰው የሚረሳው ይሄኛውን ነው፣ መብረቁም በሱ ነው የሚገባው። መንቀሉን ደግሞ ቀድማችሁ፣ ደመናው ገና ሩቅ እያለ አድርጉት፣ ራሳችን ላይ ከደረሰ በኋላ ገመድ አይነካም።

በባትሪ ማየት ለምትፈልጉ ሂሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ 600። ኢንቨርተሩ ላይ ከሚባክነው በኋላ 500 ገደማ ይቀራል። 32 ኢንች ኤልኢዲ ቲቪ 50 ዋት፣ ስፒከሩ 30 ዋት ቢወስዱ 6 ሰዓት ታያላችሁ፣ ሦስት ፊልም። ባትሪውን ግን መኝታ ክፍል አታስቀምጡት፣ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን።

ፊልሙ ከየት ይመጣል?

ዲሽ ካላችሁ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ያሉበት ኢትዮሳት ኤንኤስኤስ-12 በተባለው ሳተላይት ላይ ነው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ከደብረ ታቦር ሲታይ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ መሃል ሆኖ ከአድማስ 64 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያለ ነው። ናይልሳት ግን በምዕራብ በኩል ነው፣ ስለዚህ የድሮው ዲሽ ሳይዞር አይሠራም። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ቢቆራረጥ የዲሽ ሠራተኛ አትጥሩ፣ ደመናው ነው፣ ያልፋል።

ስልካችሁን ከቲቪ ጋር ለማገናኘት ከቻርጀር ቀዳዳ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁ በዚያ በኩል ምስል ማውጣት ይችል እንደሆነ አረጋግጡ። ብዙዎቹ ርካሽና መካከለኛ ስልኮች አይችሉም፣ ገመዱ ሳይበላሽ "አልሠራ አለ" የሚባለው ለዚህ ነው። ቲቪው ስማርት ከሆነ "ስክሪን ሚረሪንግ" ወይም "ካስት" የሚለውን ሞክሩ፤ ስክሪን ሚረሪንጉ ሁለቱን ዕቃ በቀጥታ በዋይፋይ ስለሚያገናኝ ስልኩ ላይ የተቀመጠ ፊልም ለማሳየት ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ ቤት ውስጥ የነበረው ፊልም ፍላሽ ላይ የተቀመጠው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ፍላሽ። በፋት 32 የተሠራ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ድምፁ ቲቪው በማያውቀው ዓይነት (ለምሳሌ ዲቲኤስ) የታሸገ ነው። ድምፅ ኖሮ ምስል ከሌለ ፋይሉ ኤች 265 ነው፣ የቆየ ቲቪ አያነበውም። ቲቪ ወይም ፕሮጀክተር ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ እዩት። ሻጩ ያዘጋጀው የባሕርና የአበባ ቪዲዮ ሁሉም ቲቪ ላይ ያምራል።

ጎረቤት ሰብስቦ ማየት የሚከለክል የለም። እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት በር ላይ ሳንቲም መቀበል ከጀመራችሁ ግን የባለ ፊልሙ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ብዙ የአማርኛ ፊልሞችን ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ጭነዋቸዋል፣ ዳታ ሲኖር ከዚያ ማየት ይቻላል።

ሁሉን ካስተካከላችሁ በኋላ በምን ትሞክሩት? የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ የሠራው "ጤዛ" አለ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፌስፓኮ ላይ ዋናውን ሽልማት ያገኘ። በአካባቢያችን ገጠር የሚያልፍ ታሪክ ነው። የያሬድ ዘለቀ "ላምብ"ም አለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም፤ ደጋው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የሣሩ ቀለም እንደ ፕላስቲክ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቲቪያችሁ "ቪቪድ" ወይም "ዳይናሚክ" ላይ ነው፣ "ሲኒማ" ወይም "ሙቪ" ወደሚለው ቀይሩት። መጀመሪያ ቢጫ ይመስላችኋል፣ አሥር ደቂቃ ታገሱት። ሰው ሲንቀሳቀስ ምስሉ እንደ ተከታታይ ድራማ የሚንሸራተት ከመሰላችሁ ደግሞ "ሞሽን" የሚለውን ፈልጋችሁ አጥፉት።